የሐሺሽ ተክል ዘይት ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ነውን?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ይህን ብሂል አክብሬ በቤታችን የደረሰውን ነገር ሳልደብቅ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ የምጽፈው ስለ ታናሽ እኅቴ ሕመም፣ ካናቢዲዮል ስለሚባል አዲስ መድኃኒትና እኔ ራሴ ስለ ሠራሁት ስሕተት ነው። እኅቴ ስሟ እንዳይነሣ ብቻ ለመነችኝ እንጂ የቀረውን ሁሉ እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

እኔ የሕክምና ዐዋቂ አይደለሁም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለዚህ የማቀርበው ከሐኪም አንደበት የሰማሁትን፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ መምህራኖቼን ጠይቄ የተረዳሁትንና ከሕክምና መጽሔቶች አንብቤ ያገኘሁትን ብቻ ነው። ዓመታቱን የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

እኅቴ አሁን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አምስት ዓመት በሆናት ጊዜ አንድ ቀን በደጃፍ ስትጫወት በድንገት ወደቀች። ዐይኗ ተገለበጠ፤ እጅና እግሯ ተንፈራገጠ፤ ከአፏም አረፋ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ «ክብሪት አሽቷት!» ይላል፤ ሌላው «አትንኳት፣ ይጋባል!» ብሎ ይጮኻል። አያቴ ወደ ጠበል ወሰዷት። እኛም በቤት ውስጥ የበሽታውን ስም ለመጥራት ፈርተን «ያ ነገር» እንለው ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ አባቴ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙ መርምረው የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገሯቸው። መነሻውም ምናልባት እናቴ በወለደቻት ጊዜ ምጡ እጅግ ረዝሞ የሕፃኒቱ አንጎል በቂ ኦክስጅን ባለማግኘቱ ሊሆን እንደሚችል አስረዷቸው። ፌኖባርቢታል የሚባል ትንሽ ነጭ ክኒን በየማታው እንድትውጥ አዘዙላት። አያቴም ጠበሉን ሳይተዉ ክኒኑን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ የወደቀችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ክኒኑ ያደክማት ነበር። ጧት ከመኝታዋ ለመነሣት ትቸገራለች፤ በክፍልም ውስጥ ታንቀላፋለች። እናቴ ይህን እያየች ታዝን ነበር። ዐምና በክረምት በስልኬ ሳነብ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ትኖር ስለ ነበረች አንዲት ሕፃን የሚናገር ታሪክ አገኘሁ። ሕፃኒቱን በሳምንት 300 ጊዜ ያህል ይጥላት ነበር። ካናቢስ ከሚባለው፣ ማለት በተለምዶ ሐሺሽ ከምንለው ተክል የወጣ ዘይት መውሰድ ከጀመረች ወዲህ ግን የሚጥላት በወር ጥቂት ጊዜ ብቻ ሆነ። ታሪኩ በ2013 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ተላልፎ ብዙ ሰው ያስደነቀ ነው። እየሮጥሁ ሄጄ ለእናቴ አነበብሁላት። «ከተክል የተሠራ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ቃልም ጨመርሁበት። ይህ ቃል በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፤ የእኔ ነው።

እናቴ መጀመሪያ «ሐሺሽ ለልጄ!» ብላ አማተበች። ጥቂት ቀን ካሰበች በኋላ ግን በዴንቨር ከተማ ለሚኖረው አጎቴ እንድደውልለት አዘዘችኝ። አጎቴም ደግ ሰው ነውና ዘይቱን ከሱቅ ገዝቶ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እንደሚልክ ቃል ገባ። እናቴም «ሁለት መድኃኒት በሰውነቷ ውስጥ እንዳይጋጭ» ብላ ዘይቱ እስኪደርስ ክኒኑን አቋረጠች። አባቴ በዚያን ጊዜ ለሥራ ከከተማ ወጥተው ነበር። እኔ ግን ነበርሁ፤ ክኒኑ መቋረጡንም ዐውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቴ ቡና ስታፈላ እኅቴ ከምድጃው አጠገብ ወደቀች። ቀኝ እጇ በፍሙ ላይ ዐረፈ። መንፈራገጡም እንደ ወትሮው በሁለት ደቂቃ አልቆመም። በባጃጅ ይዘናት ሆስፒታል እስክንደርስና መርፌ እስክትወጋ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቈየ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። የእጇ ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ዘይቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። አባቴ ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልለው፣ እኔን አስከትለው እኅቴን ወደሚያክሙት ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ አልተቈጡንም። ወንበር ሰጥተው ከአንድ ሰዓት በላይ አስረዱን። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር ሳነብና ስጠይቅ ከረምሁ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ፍሬ ነው።

የሚጥል በሽታ ምንድን ነው?

በራስ ቅላችን ውስጥ ባለው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክትና በኬሚካል መልእክት ነው። በደኅና ጊዜ ንግግራቸው በሥርዓት ነው፤ አንዳንዱ «ተናገር» ብሎ ያነሣሣል፣ ሌላው «ዝም በል» ብሎ ይገታል። ይህን መምህር ካለበት ክፍል ጋር ልናመሳስለው እንችላለን። መምህሩ ወጣ ሲሉ ስድሳው ተማሪ በአንድ ጊዜ ቢጮኽ የማንም ቃል አይሰማም። በአንጎልም ውስጥ እንዲሁ ነው። ብዙ ሕዋሳት ከልክ አልፈው በአንድነት ምልክት ሲለቁ ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ጡንቻዎቹም ያለ ፈቃዱ ይንፈራገጣሉ። ይህ ያለ ሌላ ምክንያት ሲደጋገም የሚጥል በሽታ ይባላል።

መነሻው ብዙ ዓይነት ነው። በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ በራስ ላይ የሚደርስ አደጋ፣ ማጅራት ገትር፣ የአንጎል እጢና ከዘር የሚመጣ ጉድለት ይገኙበታል። በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ ደግሞ መነሻው ተፈልጎ አይገኝም። ከሰው ወደ ሰው ግን ከቶ አይጋባም። ከአፍ የሚወጣው አረፋ ምራቅ ነው እንጂ መርዝ አይደለም። በጥንት ዘመን ግሪኮች ይህን በሽታ «ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የጥንት የሕክምና መጽሐፍ ግን ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ገደማ በፊት ይህ በሽታ ከሌሎቹ በሽታዎች የተለየ ቅድስና እንደሌለውና መነሻው አንጎል እንደ ሆነ አስረድቷል። እንግዲህ በዚያን ዘመን የታወቀውን እኛ ዛሬ ልንክደው አይገባም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው፤ ከመቶው ሰማንያ የሚሆኑትም እንደ እኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1980ዎቹ ዓመታት በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን መርምረው ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሆነው ተገኙ። ይህም ከአንድ ሺሕ ሰው አምስት ማለት ነው። በትምህርት ቤታችን አንድ ሺሕ ተማሪ ቢኖር፣ በዚህ ስሌት አምስቱ ጓደኞቻችን ናቸው ማለት ነው።

ተክሉና በውስጡ ያሉት ሁለቱ ወንድማማቾች

ካናቢስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ተክል ነው። አንዳንዱ ሕዝብ ከግንዱ ገመድ ይገምድበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ አጭሶት ይሰክርበታል። በተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከአንድ መቶ የሚበልጡ ኬሚካሎች ይገኛሉ። ከነዚህ ሁለቱ ዋነኞች ናቸው። የመጀመሪያው ቴትራሃይድሮካናቢኖል ነው፤ በአጭሩ ቲ ኤች ሲ ይሉታል። አጫሹን የሚያሰክረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ካናቢዲዮል ነው፤ በአጭሩ ሲ ቢ ዲ ይባላል። እርሱ አያሰክርም።

የኬሚስትሪ ተማሪዎችን የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ሁለቱም በትክክል 21 የካርቦን፣ 30 የሃይድሮጅንና 2 የኦክስጅን አተሞች አሏቸው። ቢመዘኑ ክብደታቸው አንድ ነው። ልዩነታቸው በአሠራራቸው ነው፤ በቲ ኤች ሲ ውስጥ አንዱ ኦክስጅን ታስሮ ቀለበት ይሠራል፣ በሲ ቢ ዲ ውስጥ ግን ያ ቀለበት ክፍት ነው። በዚህች ትንሽ ልዩነት ምክንያት ቲ ኤች ሲ በአንጎል ሕዋሳት ላይ ካለው መቀበያ ቁልፍ በጋኑ ውስጥ እንደሚገባ ሆኖ ይገባል፤ ሲ ቢ ዲ ግን በዚያ በር ላይ እንዲህ አይገጥምም። ከአንድ እናት ተወልደው ጠባያቸው የተለያየ ወንድማማቾች እንዳሉ ሁሉ እነዚህም እንዲሁ ናቸው።

ሲ ቢ ዲን በ1940 ዓ.ም. ከተክሉ ለይተው ካወጡት መካከል ሮጀር አዳምስ የተባሉ የአሜሪካ ኬሚስት ይገኛሉ። ትክክለኛ አሠራሩን በ1963 ዓ.ም. ያወቁት ደግሞ በእስራኤል አገር በቫይዝማን ተቋም ይሠሩ የነበሩት ራፋኤል መሹላምና ባልደረባቸው ናቸው። በማግሥቱ ዓመት በ1964 ዓ.ም. መሹላም ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ቲ ኤች ሲን ለይተው አወጡ። ለዚህ ሥራ የሚሆናቸውን አምስት ኪሎ ሐሺሽ የሰጣቸው ፖሊስ ነው፤ ከኮንትሮባንድ የተያዘ ነበር። መሹላም እንደ ተረኩት ዕቃውን በአውቶቡስ ይዘውት ሲሄዱ ተሳፋሪው ሁሉ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ይገረም ነበር። እኚህ ሊቅ ያረፉት በ2023 ዓ.ም. ነው።

ከወሬ ወደ ምርመራ

መሹላምና የብራዚል ሐኪሞች በ1980 ዓ.ም. አንድ ትንሽ ምርመራ አወጡ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 15 ሰዎች ለስምንቱ ሲ ቢ ዲ፣ ለሰባቱ ደግሞ በመልኩ የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ሰጧቸው። ሲ ቢ ዲ ከወሰዱት ስምንት ሰዎች አራቱ ከሞላ ጐደል መውደቅ ተዉ፤ ማስመሰያውን ከወሰዱት የተሻለው አንድ ብቻ ነበር። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ቢሆንም አሥራ አምስት ሰው ጥቂት ነው። ተክሉም በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተከለከለ ስለ ነበር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ነገሩ ተዳፍኖ ቈየ።

እሳቱን የቆሰቈሱት ወላጆች ናቸው። እኔ ያነበብሁት የኮሎራዶዋ ሕፃን ታሪክ ከተሰማ በኋላ ልጆቻቸው የሚታመሙባቸው ብዙ ወላጆች ዘይቱን ለመፈለግ ተነሡ። ሐኪሞችም «የአንድ ልጅ ታሪክ በር ይከፍታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም» በሚል መንፈስ በሥርዓት ሊፈትኑት ወሰኑ። የፈተኑት ከሱቅ የሚገዛውን ዘይት አይደለም፤ ጂ ደብሊው ፋርማሱቲካልስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከተክሉ አጥርቶ ያዘጋጀውን፣ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም ሲ ቢ ዲ ያለበትን ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ የተበጠበጠው በሰሊጥ ዘይት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የታተመው ምርመራ ድራቬ ሲንድሮም ስለሚባል ከባድ የሚጥል በሽታ ነበር። ይህ በሽታ በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት የሚጀምርና ሌላ መድኃኒት በቀላሉ የማይበግረው ነው። 120 ልጆችና ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ሲ ቢ ዲ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ለ14 ሳምንታት ወሰዱ፤ ቀድሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ግን አንዳቸውም አልተዉም። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ወላጁም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። ሲ ቢ ዲ ከወሰዱት መካከል የመካከለኛው ቁጥር በወር ከ12.4 መውደቅ ወደ 5.9 ዝቅ አለ። በማስመሰያው ወገን ግን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልብ በል። ሲ ቢ ዲ ከወሰዱት ከመቶው 43ቱ መውደቃቸው ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ። ማስመሰያ ከወሰዱትም ከመቶው 27ቱ በግማሽ ቀነሰላቸው! እነዚህ 27ቱ ምንም መድኃኒት አልጨመሩም፤ በሽታው ራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚልና ተስፋ ያለው ወላጅ የሚቈጥረው ሁሉ ስለሚያምር ነው። ከነርሱ አንዱ ለጎረቤቱ ቢመሰክር «ዘይቱ አዳነኝ» ባለ ነበር። እኔ በስልኬ ያነበብሁትን የአንድ ልጅ ታሪክ ወደ እናቴ ይዤ በሮጥሁ ጊዜ ይህን አላወቅሁም ነበር። መውደቅን ፈጽመው የተዉት ደግሞ ሲ ቢ ዲ ከወሰዱት ከመቶው አምስት ብቻ ናቸው።

ሌኖክስ ጋስቶ በሚባለው ሌላ ከባድ የልጆች በሽታ ላይም እንዲሁ ተፈትኖ ጥቅሙ ታየ። ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 ዓ.ም. በሰኔ ወር ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም ለነዚህ ሁለት በሽታዎች ፈቀደው። በ2019 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ክሎባዛም ከሚባለው መድኃኒት ጋር እንዲሰጥ ፈቀደ። በ2020 ዓ.ም. አሜሪካ ሦስተኛ በሽታ ጨመረች፤ ይኸውም በአንጎልና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች እባጭ የሚያበቅለው ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን ሄሮይን ካለበት እጅግ ጥብቅ መዝገብ አወጣው። ይህ ማለት ተክሉ ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ የሕክምና ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ታወቀለት ማለት ነው እንጂ።

ሲ ቢ ዲ መውደቅን የሚቀንሰው እንዴት ነው ቢባል ሊቃውንቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልጨረሱትም። የሚመስላቸው ግን ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚገባውን ካልሲየም መጠን በማስተካከልና አዴኖሲን የተባለውን አረጋጊ ኬሚካል በማብዛት ሕዋሳቱ ከልክ በላይ እንዳይጮኹ ያደርጋል የሚል ነው።

የጠርሙሱ ሒሳብ

አሁን ወደ ሐኪሙ ቢሮ ልመልሳችሁ። ሐኪሙ የአጎቴን ጠርሙስ አገላብጠው ካዩ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ልጄ፣ አንተ ተማሪ ነህ፤ ሒሳቡን አንተ ሥራው» አሉኝ።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በ30 ሚሊሊትር ውስጥ 300 ሚሊግራም ሲ ቢ ዲ አለ የሚል ነው። በፈቃድ የሚሰጠው መድኃኒት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 5 ሚሊግራም ተብሎ ይጀመራል፤ ከሳምንት በኋላ 10 ሚሊግራም ይሆናል፤ እንደ ሁኔታው እስከ 20 ሊደርስ ይችላል። እኅቴ 25 ኪሎ ትመዝናለች። 25 በ10 ሲባዛ 250 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም የአንድ ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ አጎቴ በብዙ ዶላር ገዝቶ የላከው፣ እናቴ ለወራት ይበቃል ብላ የጠበቀችው ጠርሙስ ከአንድ ቀን ጥቂት ያልፋል! በጠርሙሱ ላይ የታዘዘው ደግሞ በቀን አንድ ሚሊሊትር ነበር። እርሱም 10 ሚሊግራም ነው፤ ከሚያስፈልገው ከሃያ አምስት እጅ አንድ እጅ ማለት ነው። እርሳሱን አስቀምጬ አባቴን ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ። ለዚህች ጠብታ ብለን ነበር ክኒኑን ያስተውናት።

«ይህም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ ነው» አሉ ሐኪሙ። በእርግጥም በ2017 ዓ.ም. በታተመ አንድ ምርመራ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲ ቢ ዲ ዕቃዎችን ገዝተው መዝነው ነበር። በጽሑፉ ላይ ያለውን ያህል የያዙት 26ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከተጻፈው ያነሰ ወይም የበለጠ ሆነው ተገኙ፤ በ18ቱ ውስጥም የሚያሰክረው ቲ ኤች ሲ ነበረበት።

ከዚህም ሌላ ሲ ቢ ዲ ራሱ ጉዳት የሌለው አይደለም። እንቅልፍ፣ ድካም፣ ተቅማጥና የምግብ ፍላጎት ማጣት ያመጣል። በጉበት ላይም ጫና ሊያሳድር ስለሚችል ሕመምተኛው በየጊዜው ደሙን መመርመር አለበት፤ ይልቁንም ቫልፕሮዬት ከሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ይህ ይብሳል። ክሎባዛም ከሚባለው ጋር ሲገናኝ ደግሞ የዚያን መድኃኒት ኀይል በደም ውስጥ ያበዛዋል። እንግዲህ «ከተክል የተሠራ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም» ያልሁት ቃል ፍጹም ሐሰት ነበር። እሬትም ተክል ነው፤ በርበሬም ተክል ነው፤ ማርም ሲበዛ ይመራል።

አባቴም «ታዲያ እውነተኛውን መድኃኒት ብናገኝላትስ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ሲመልሱ፣ መድኃኒቱ ተፈትኖ የተፈቀደው ለሦስቱ በሽታዎች እንደ ሆነ፣ የእኅቴ ሕመም ግን ከሦስቱ አንዱም እንዳልሆነ ነገሯቸው። ዋጋውም በአሜሪካ ገበያ ላይ በወጣ ጊዜ ለአንድ ሰው በዓመት 32,500 ዶላር ያህል ነበር። በአገራችንም ካናቢስን ማብቀልም ሆነ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ያን ጠርሙስ በሻንጣው ይዞ የመጣው ሰው ሳያውቀው ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ነበር።

በእጃችን ያለው መድኃኒት

በመጨረሻ ሐኪሙ እናቴን አስጠርተው የነገሯት ቃል ከሁሉ ይበልጥ ጠቀመን። «እንቅልፉ ካስቸገራት መጥተው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር» አሏት። «መድኃኒቱን መቀነስም መለወጥም ይቻላል። በአንድ ቀን መተው ግን አይቻልም።» ምክንያቱንም አስረዷት። አንጎል በክኒኑ ተገትቶ መኖርን ይለምዳል። ክኒኑ በድንገት ሲቀር ገደቡ እንደ ተነሣ ውሃ በሽታው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። እኅቴን ከግማሽ ሰዓት በላይ ያንፈራገጣት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ፌኖባርቢታሉን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየቀነሱ፣ ካርባማዜፒን የሚባለውን ሌላ ክኒን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ አዛወሯት። ይህም በከተማችን መድኃኒት ቤት የሚገኝ ነው። አሁን በክፍል ውስጥ አታንቀላፋም። ስድስት ወር ሆኗታል፣ አልወደቀችም። እናቴ የፈለገችው ነገር ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከቤታችን ሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር፤ የጎደለው ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ከመቶው እስከ ሰባ የሚደርሱት በትክክል ቢመረመሩና ቢታከሙ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ለዚህም የሚያስፈልገው መድኃኒት በዓመት እስከ 5 ዶላር በሚወርድ ወጪ ሊገኝ ይችላል። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ ማገልገል የጀመረው በ1912 ዓ.ም. ነው፤ አሮጌ ነው፣ የቴሌቪዥን ታሪክም የለውም። ነገር ግን ብዙ ሰው ከእሳትና ከወንዝ አድኗል። ሲ ቢ ዲ እነዚህ ሁሉ ለማይበግሩት ለጥቂቶቹ ልጆች የመጣ እውነተኛ ተስፋ ነው። ለነርሱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የጥቂቶቹ ተስፋ የብዙዎቹን የዕለት ክኒን ሊያስጥል አይገባም።

ለክፍል ጓደኞቼ የምለው

ጽሑፌን ከመደምደሜ በፊት በአንድ ሰው ላይ ይህ ሕመም ቢነሣበት ልናደርገው የሚገባንን ላስታውስ። በመጀመሪያ ሰዓት ተመልከቱ። እሳትን፣ ድንጋይንና ስለት ያለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አኑሩ፤ የአንገት ልብሱን አላሉ፤ መንፈራገጡ ሲበርድ ምራቁ እንዳያንቀው በጎኑ አስተኙት። በግድ ይዛችሁ አታስቁሙት። በአፉ ውስጥ ማንኪያም፣ እንጨትም፣ ጣትም አታግቡ። ክብሪት አታሽትቱት፤ ጭሱ ምንም አይጠቅመውም፣ ትንፋሹን ግን ያስጨንቀዋል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት። ሲነቃም ከበው ከሚያዩት ሃምሳ ሰዎች ይልቅ እጁን የሚይዝ አንድ ጓደኛ ይሻለዋል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ይህ ሕመም ቢኖርበት አትደብቁት፤ ከትምህርት ቤትም አታስቀሩት። ጸሎትና ጠበል እንደ ሃይማኖታችሁ ይሁንላችሁ፤ ክኒኑን ግን ያለ ሐኪም ቃል አታቋርጡ። እኛ ተማሪዎችም በስልካችን ያነበብነውን ወደ ቤታችን ይዘን ከመሮጣችን በፊት ለስንት ሰው ተፈተነ? ስንቱ ዳነ? ማስመሰያ የወሰዱትስ ምን ሆኑ? ብለን እንጠይቅ። ወላጆቻችን ተምሯል ብለው ያምኑናልና ቃላችን በቤታችን ውስጥ ከባድ ነው።

ያ ጠርሙስ ሳይከፈት በሐኪሙ ዘንድ ቀርቷል። አጎቴም ነገሩን ሰምቶ በኋላ የላከልን ዘይት ሳይሆን የእጅ ሰዓት ነው፤ የክኒኗ ሰዓት ሲደርስ ይደውላል። እኅቴ በእጇ አድርጋዋለች። ጧትና ማታ ሲደውል ክኒኑን ቈጥሬ የምሰጣት እኔ ነኝ።